ዳርትፓድ፦ የስክሪን ጥያቄ በፎቶ ለምትልኩ

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሰራ ልጅ ስክሪንሾት ላከችልኝ። የአፑ ቀኝ ጠርዝ ላይ ቢጫና ጥቁር ሰያፍ መስመር ተደርድሯል። ከስሩ "ምን ሆኖ ነው? ከጠዋት ጀምሮ አልለቅ ብሎኛል" ብላለች።

በፍላተር፣ ማለትም በአፕ መስሪያ መሳሪያው፣ የሰራ ሰው ያንን መስመር ያውቀዋል። የሆነ ነገር ከተሰጠው ቦታ በልጦ ወጥቷል ማለት ነው። ለምን እንደወጣ ግን ፎቶው አይናገርም። ምክንያቱ ያለው ኮዱ ውስጥ ነው፣ ኮዱ ደግሞ ከብዙ ፋይሎች፣ ከሰርቨር ጥሪና ከሎግኢን ጋር ተጠላልፏል፤ ሙሉውን ብትልክልኝ እኔ ጋ ለማስነሳት ብቻ ግማሽ ቀን ይሄዳል። "ዳርትፓድ ላይ አድርጊውና ሊንኩን ላኪልኝ" አልኳት። ዳርትፓድን አታውቀውም ነበር። ይሄን የምጽፈውም ለዚያ ነው። የአፕ ስክሪን እየሰራችሁ እርስ በርስ የምትጠያየቁ ከሆነ ከእጃችሁ ሊጠፋ የማይገባ ነገር ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ፍላተር አንድ ኮድ ጽፈን ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ የምናወጣበት የጎግል መሳሪያ ነው። 1.0 ቨርዥኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ነው። ቋንቋው ዳርት ይባላል። ዳርትፓድ ደግሞ ያንን ኮድ እዚያው ብራውዘር ውስጥ የሚያስነሳ ገጽ ነው። በአንድ በኩል ትጽፋላችሁ፣ ራን ትላላችሁ፣ በሌላው በኩል ስክሪኑ ይመጣል። የሚጫን ነገር የለም፣ ክፍያም የለውም። ፍላተርን ኮምፒውተር ላይ ከአንድሮይድ ስቱዲዮና ከኢምዩሌተር (ኮምፒውተር ላይ ስልክ የሚያስመስል ፕሮግራም) ጋር ለመጫን ብዙ ጊጋባይት ስለሚፈልግ፣ ገና ለሚጀምር ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊንኩ መጣ። ያ ሁሉ ፋይል ሰላሳ አምስት መስመር ሆኗል። ሰርቨር የለ፣ ሎግኢን የለ። የቀረው አንድ ሮው (ነገሮችን ጎን ለጎን የሚደረድር) ነው፤ ውስጡ ክብ ፎቶ፣ የተጠቃሚ ስምና "ተከተል" የሚል በተን። ስትቀንሰው መጀመሪያ ችግሩ ጠፍቶባት ነበር፣ ምክንያቱም አጭር የሙከራ ስም ነው ያስገባችው። ረጅም ስም ስትጽፍበት ተመልሶ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ስትፈልገው የነበረውን መልስ ግማሹን ያገኘችው እኔ ገና ኮዱን ሳላየው ነው።

እኔ እንደከፈትኩት ያደረግኩት በኮዱና በስክሪኑ መካከል ያለውን መለያ መጎተት ነው። ብዙ ሰው ይሄን አይሞክረውም። መለያውን ስትገፉት ስክሪኑ ይጠባል፣ ከታብሌት ወደ ትንሽ ስልክ የሄዳችሁ ያህል። ሰፊ ሳለ ሁሉም ደህና ነው። በተኑ ወደ ጠርዝ እየተጠጋ፣ እየተጠጋ ይሄድና ድንገት ያ ቢጫና ጥቁር ብቅ ይላል። የት ላይ እንደሚሰበር በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፍላተር ውስጥ ስክሪኑ የሚሰራባቸው ቁርጥራጮች ዊጅት ይባላሉ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀመጣል። ወላጁ (የያዘው) ዊጅት ለልጁ (በውስጡ ላለው) "ከዚህ እስከዚህ መሆን ትችላለህ" ብሎ ገደብ ያወርዳል፣ ልጁ መጠኑን መርጦ ይመልሳል፣ የት እንደሚቀመጥ ደግሞ ወላጁ ይወስናል። ሮው ግን ለተራ ልጆቹ በወርድ በኩል ገደብ አያወርድም። የፈለጋችሁትን ያህል ስፉ ነው የሚላቸው። ስለዚህ ረጅም ስም በአንድ መስመር እስከ መጨረሻው ይዘረጋና በተኑን ከስክሪን ያስወጣዋል። ጽሑፉን ኤክስፓንድድ በሚባለው ዊጅት ስትጠቀልሉት ሮው ቀድሞ ፎቶውንና በተኑን ይለካል፣ የተረፈውን ቦታ ብቻ ለስሙ ይሰጠዋል። ስሙም ወይ ወደ ሁለተኛ መስመር ይወርዳል፣ ወይ ካዘዛችሁት መጨረሻው ላይ ሶስት ነጥብ ይሆናል። ጽሑፉን ጠቅልዬ መለስኩላት። መለያውን ወዲያና ወዲህ እየጎተተች አረጋገጠች።

ሌላ በየጊዜው የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። ኮለም (ነገሮችን ከላይ ወደ ታች የሚደረድር) ውስጥ ሊስትቪው (የሚንሸራተት ዝርዝር) ያስገቡና ሊስቱ አይታይም፣ ኤረሩ ቁመቱ ገደብ የለውም ይላል። ብዙ ሰው ሽሪንክራፕን፣ ማለትም ሊስቱ በያዘው ዕቃ ልክ እንዲሆን የሚያደርገውን ቅንብር፣ ትሩ (አዎ) አድርጎ ያልፋል። ይሰራል። ለአስር ዕቃ ምንም አይልም። አንድ ሺህ ሲሆን ግን ሊስቱ የራሱን ቁመት ለማወቅ አንድ ሺውንም መስራት ግድ ይሆንበታል፣ የሚታዩትን ብቻ እየሰራ የመሄድ ጥቅሙ ይቀራል። ይሄን በአፍ ሳስረዳ ብዙም አይገባም። አሁን ሁለት ሊንክ ነው የምልከው። ሁለቱም እያንዳንዱ ዕቃ ሲሰራ ቁጥሩን ኮንሶል (ኮዱ የሚያወጣው ጽሑፍ የሚታይበት ቦታ) ላይ ያትማሉ። ሊስቱ በኤክስፓንድድ በተጠቀለለበት ጥቂት ቁጥሮች ወጥተው ይቆማሉ፤ በሽሪንክራፑ ግን ኮንሶሉ እስከ 999 ይወርዳል። ያንን ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አይጠይቀኝም።

እና የማይመቸውስ? አለ። ኮዱ በአንድ ፋይል መሆን አለበት። ፓኬጅ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) እንደልብ መጨመር አይቻልም፣ እነሱ ከፈቀዷቸው ውጭ አይሰራም። የራሳችሁን ፎቶ ፋይል ማስገባት ስለማይቻል ወይ ከኢንተርኔት ታመጣላችሁ ወይ በቦታው ባለቀለም ሳጥን ታስቀምጣላችሁ። ለአቀማመጥ ጥያቄ እንኳን ሳጥኑ ይበቃል።

ትልቁ ነገር ግን ዳርትፓድ ስልክ አለመሆኑ ነው፣ ይሄን ከረሳችሁ ያሳስታችኋል። ታይፕ ስታደርጉ ከስር የሚወጣው ኪቦርድ እዚያ የለም፤ ስለዚህ ኪቦርዱ የይለፍ ቃል ሳጥኑን ሲሸፍነው አታዩትም። በማውስ ትንሿን በተን መንካት ቀላል ነው፣ በአውራ ጣት ግን አይደለም። የጎግል የማቴሪያል ዲዛይን መመሪያ ለሚነካ ነገር ቢያንስ 48 በ48 ዲፒ፣ አፕል ደግሞ 44 በ44 ፖይንት (ሁለቱም የስክሪን መለኪያ ናቸው) የሚሉት ለዚያ ነው። ፍጥነትንም እዚያ አትለኩ። በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ለአንድ ፍሬም (ለአንዷ የስክሪን ምስል) ያላችሁ ጊዜ 16 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፣ እሱ የሚለካው በእውነተኛ ስልክ ላይ በፕሮፋይል ሞድ (ፍጥነት ለመለካት በተዘጋጀው የማስነሻ መንገድ) ነው።

ማጋራቱም ከሚገባው በላይ እርምጃ አለው። ኮዱን ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረገጽ) ላይ ጊስት (ለብቻው በሊንክ የሚጋራ ትንሽ ኮድ) አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ የፋይሉን ስም ሜይን ዶት ዳርት ትሉታላችሁ፣ ከዚያ የጊስቱን አይዲ ዳርትፓድ አድራሻ ላይ ትጨምራላችሁ። የለመደ ሰው በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል፣ ለጀማሪ ግን እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚያስቆርጠው። ልጅቷም ከአንድ ሰዓቱ ብዙውን ያጠፋችው እዚሁ ላይ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ሚስጥራዊ የተባለ ጊስት እንኳን ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ ያየዋል። የኤፒአይ ቁልፍ (አፑ ሰርቨር ጋ የሚገባበት የሚስጥር ኮድ) ውስጡ እንዳትረሱ።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን ያስቀረሁት ለማጋራቱ ጣጣ ነው። ቢጨምሩልኝ ብዬ የምመኘው ሁለት ነገር ነው፦ ስትጫኑት ሊንክ የሚሰጥ አንድ በተን፣ እና ስክሪኑን በታወቁ የስልክ መጠኖች እየቀያየሩ ማየት። እስከዚያ ድረስ መለያውን በእጄ እየጎተትኩ እቀጥላለሁ፣ እናንተም ቀጣዩን ጥያቄያችሁን ስትልኩልኝ በሊንክ ይሁን።