ለኤምጂዬ ነፍስ ለዘሩላት መካኒክ

ሰላም ወገኖች። በርሚንግሃምና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ አሮጌ መኪና የምትወዱ፣ ይህን አንብቡልኝ። ምስጋናም ጥቆማም ነው።

መኪናዬ በፈረንጆቹ 1972 የተሠራች ኤምጂቢ ጂቲ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። ከ1962 እስከ 1980 ከተሠሩት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኤምጂቢዎች አንዷ መሆኗ ነው። ዓምና ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረች፤ ሞተሯም ሲሞቅ ከሥር ያንኳኳል። መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ወፍራም ዘይት ሞልቶ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ነካክቶ፣ ገንዘቤን ተቀብሎ ሸኘኝ። ሳምንት ሳይሞላ ባሰባት።

በኋላ አንድ ወዳጄ ወደ ጋሼ መራኝ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ጋሼ ብዬ ልቀጥል። ሙያውን በልጅነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው የተማሩት። የእንግሊዙን ሞተር በጣሊያንኛው ስም፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ ብሮንዚና (ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ተሸካሚ)፣ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው) እያሉ ሲያስረዱኝ የአባቴ መኪና ስትሠራ የሰማሁት ሁሉ ትዝ አለኝ።

ምንም ሳይፈቱ መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን በምን ያህል ግፊት እንደሚያምቅ፣ ለኩ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ከ140 ፒኤስአይ በላይ ሰጡ፤ አንዱ ግን 85። እዚያኛው ውስጥ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ሲለኩ 120 ደረሰ። «ፋሻው ነው ልጄ፤ ቫልቭ ቢሆን ኖሮ ዘይት አይረዳውም» አሉኝ። ፋሻ የሚሉት የፒስተኑን ቀለበት ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ይደፍንለታል።

ሞተሩ ሲወርድ ጠሩኝ። ብሮንዚናውን አንስተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ብርማው ሽፋን ተበልቶ መዳቡ ወጥቷል። ቀጥለው ጥፍሬን በክራንክሻፍቱ፣ በሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ላይ እንዳሳልፍ አዘዙኝ። ጭረቱ ጥፍሬን ያዝ አደረገው። «ጥፍር ከያዘ ሬቲፊካ መግባት አለበት» አሉ፤ በማሽን ተፍቆ ይስተካከል ማለታቸው ነው።

ሲሊንደሮቹ ከ80.26 ሚሊሜትር ተነስተው በ0.76 ሰፉና ኦቨርሳይዝ (ከፋብሪካው ልክ የሰፋ) ፒስተን ገባላቸው። ክራንክሻፍቱም 0.25 ሚሊሜትር ተፍቆ ልኩን የጠበቀ ብሮንዚና ተገዛ። ቴስታታው ላይ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ አስገቡ፤ ሞተሩ የተሠራው መቀመጫውን ከመበላት የሚጠብቅ እርሳስ ላለው ቤንዚን ስለሆነና ያ ቤንዚን ከ2000 መግቢያ ጀምሮ እንግሊዝ ማደያዎች ላይ ስለማይሸጥ። የቤንዚኑን የጎማ ቱቦዎችም ዛሬ ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀለውን ኢታኖል (አልኮል) በሚችሉ ለወጡ።

እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን ኤስዩ ካርቡራተሮች በአዲስ እንቀይር ብያቸው ነበር። «ምን አደረጉህ?» አሉና አጥበው፣ ያለቀውን ዘንግ ብቻ ቀይረው መልሰው አሰሯቸው። ሒሳቡን ሲያስረክቡኝ የተለወጠውን ዕቃ በሙሉ ከነደረሰኙ በካርቶን አድርገው ሰጡኝ።

የማስነሻው ቀን ካንዴላዎቹን አውጥተው የዘይት ግፊቱ ቀስት እስኪነሳ ሞተሩን በሞተሪኖ (በኤሌክትሪክ ማስነሻው) አዞሩት። ካንዴላው ተመልሶ ሲታሰር ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። የቤንዚኑ ፓምፕ ቲክ ቲክ ብሎ ጸጥ አለ፤ ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሳ። አዲሱ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እንዳይበላ 20 ደቂቃ ሙሉ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ መያዝ ነበረበት። ጋሼ ያን ሁሉ ጊዜ ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አዘንብለው፣ ሰዓታቸውን እያዩ ከአጠገቧ አልተነቃነቁም። እኔ እንባዬ መጣ።

እስካሁን 800 ማይል ነድቻታለሁ። ጭስ የለም፣ ማንኳኳት የለም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ሞተር ብቻ ስለሚይዙ ወረፋ እንዳለ ግን ከወዲሁ እወቁት።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።