ለሄሊካል አንቴና ሞዴል የቱን ልያዝ? 4ኔክ2፣ ማትላብ፣ ሲኤስቲ ወይስ ኦፕንኢኤምኤስ

አምስት ኪሎ አካባቢ የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን አንድ ጥያቄ አይጠፋም። ሄሊካል አንቴና ልሠራ ነው፣ በምን ሞዴል ላድርገው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ኤችኤፍኤስኤስ ነዋ!» ነው (በውድ የሚሸጥ የአንቴና ማስሊያ ሶፍትዌር ነው)፣ ከዚያ ክራኩን፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠራ የተሰበረውን ቅጂ፣ የያዘ ፍላሽ ከነቫይረሱ ከእጅ እጅ ይዞራል። እኔ አልስማማም። ሄሊካል ማለት የተጠማዘዘ ሽቦና ከሥሩ ያለ ቆርቆሮ ነው። ለእሱ ብቻ ትልቁን ሶፍትዌር መያዝ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት አይሱዙ መከራየት ነው።

ንጽጽሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ አንቴና እንያዝ። 2.4 ጊጋኸርዝ፣ 10 ዙር። የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሳንቲ ሜትር ነው። አንቴናው በቁመቱ አቅጣጫ ወደፊት እንዲያሰራጭ የአንዱ ዙር ዙሪያ ከዚህ ጋር መቀራረብ አለበት፤ ስለዚህ ዲያሜትሩ 4 ሳንቲ ሜትር፣ በዙርና በዙር መካከል ያለው ርቀት 2.9 ይሆናል። አንቴናውን በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፈለሰፈው የኦሃዮ ስቴቱ ጆን ክራውስ የተወው ቀመር ለዚህ 15.5 ዲቢአይ ጌይን (ሲግናሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የማጉላት ልክ) ይሰጣችኋል። እንዳትሸወዱ። በሞዴልም በልኬትም የሚገኘው 12 ወይም 13 ገደማ ነው። ሲሙሌሽን (አንቴናውን በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት) የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

4ኔክ2 ነጻ ነው። ውስጡ ያለው የስሌት ሞተር ኔክ-2 የሚባለው፣ የአሜሪካው ሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ በ1981 ያወጣው ኮድ ነው። አርጅቷል፣ ግን ሽቦ ላይ ማን ይስተካከለዋል! ጂኤች የምትባል አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፦ 200 ቁራጭ፣ በየዙሩ 0.029 ሜትር፣ ጠቅላላ ቁመት 0.29፣ ራዲየሱን 0.02 አራት ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ የሽቦው ራዲየስ 0.0005። በቃ፣ ሄሊክሱ ተሠራ። ጠቅላላ ቁመቱን ኔጌቲቭ ብታደርጉት ወደ ግራ የሚዞር ይሆናል፣ ይህን ደግሞ አትናቁት፤ የአንዱ ጫፍ አንቴና ቀኝ የሌላው ግራ ከሆነ ሲግናሉ ድራሹ ይጠፋል። ስሌቱ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ሴኮንዶች ነው የሚፈጀው።

ችግር የለውም ማለቴ አይደለም። ከሥሩ ወሰን የሌለው ፍጹም ግራውንድ (በቆርቆሮው ፈንታ የሚገባ የብረት ወለል) ካደረጋችሁ ወደ ኋላ የሚሄድ ጨረር ጨርሶ አይታይም፣ ውጤቱም ከእውነቱ ያምራል። ቆርቆሮውን በሽቦ መረብ ሥሩት፣ ስፋቱ ቢያንስ 9.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዋናው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ሽቦውን የምትጠቀልሉበትን የፒቪሲ ቱቦ ኔክ-2 አያውቀውም። ፒቪሲው ሞገዱን ስለሚያዘገይ እውነተኛው አንቴና ከሞዴሉ ዝቅ ወዳለ ፍሪኩዌንሲ ይንሸራተታል።

በነገራችን ላይ ኢዜድኔክ የሚባለው የ4ኔክ2 ዘመድ ድሮ ይሸጥ ነበር፣ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነጻ ሆኗል። ማንም ገንዘብ እንዳያስከፍላችሁ።

የሒሳብ ሶፍትዌሩ ማትላብ ምቹ ነው፣ ክዶ ማለፍ አይቻልም። «ሄሊክስ» ብላችሁ ራዲየስ፣ የዙር ብዛትና ርቀት ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ልኩን በሉፕ እየቀያየራችሁ መቶ ዓይነት አንቴና ማወዳደር ትችላላችሁ። ልብ በሉ፣ ሽቦውን የሚያየው እንደ ጠፍጣፋ ሪባን ነው። የሪባኑ ስፋት የሽቦው ራዲየስ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ሽቦ 2 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ይህን የሚሠራው ተጨማሪ ጥቅል፣ አንቴና ቱልቦክስ፣ ከማትላብ ለብቻው ነው የሚገዛው። ግቢያችሁ ላይሰንስ ካለው ቱልቦክሱም መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ በራሳችሁ ዶላር አትግዙት።

ሲኤስቲና ኤችኤፍኤስኤስ፣ ሁለቱ ትልልቅ ሶፍትዌሮች፣ ቱቦውንም፣ ኮኔክተሩንም፣ የአንቴናውን 140 ኦም ገደማ ኢምፔዳንስ (ለሲግናሉ የሚያሳየውን ተቃውሞ) ወደ 50 የምታወርደውን ቀጭን ቆርቆሮም አንድ ላይ ያሰላሉ። እዚህ ላይ አቻ የላቸውም። የተማሪ እትማቸው ነጻ ነው፣ ግን የሜሽ (ሞዴሉ ለስሌት የሚቆራረጥበት ፍርግርግ) ብዛት ይገደባል፣ ለንግድ ሥራም አይፈቀድም። ሙሉ ላይሰንሱ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ዋጋውም የማይቀመስ። አንቴና ነድፎ የሚሸጥ ድርጅት ካላችሁ ግዙ። ለአንድ ፕሮጀክት ከሆነ ተዉት። ራምም ይበላሉ፣ ሩጫውም ረጅም ነው፣ ዴስክቶፕ ላይ አስጀምራችሁ መብራት ሲሄድ ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ።

ኦፕንኢኤምኤስ ነጻ ሆኖ ፒቪሲውን የሚያሰላ ነው። የሄሊካል አንቴና ምሳሌም አብሮት አለ፣ ከባዶ አትነሱም። ግን በማውስ እየጎተቱ መሳል የለም፣ በኦክታቭ ወይም በፓይተን ኮድ ነው፣ ሜሹንም ራሳችሁ ናችሁ የምትሠሩት። ኮድ የሚያሰለቸው ሰው በሁለተኛው ቀን ይተወዋል።

እኔ ብሆን በ4ኔክ2 ልኩን እጨርሳለሁ፣ ለቱቦው ብቻ ወደ ኦፕንኢኤምኤስ ወይም ወደ ሲኤስቲ የተማሪ እትም እሄዳለሁ። ለሶፍትዌር የተያዘ ብር ካለ ናኖቪኤንኤ የምትባለው ትንሽ የአንቴና መለኪያ ትገዛበት፣ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ለመለካት። ስትገዙ ግን የመጀመሪያው ዓይነት ለ2.4 ጊጋኸርዝ አይደርስም፣ እስከ 3 ጊጋኸርዝ የሚሄደውን ቪ2 ጠይቁ።