አይፐምስ፦ አሜሪካ ውስጥ የፖሊዮ ተጎጂን መቁጠር ለሚፈልግ

ቀኝ እግሬን ፖሊዮ የያዘኝ ደሴ እያለሁ፣ ገና በልጅነቴ ነው። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሥራዬም የጤና መረጃ መተንተን ነው። «እዚህ አገር እንደኛ ያለ ስንት ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ የእንጀራም የግልም ጉዳይ ነው። መልስ ፍለጋ ደጋግሜ የምሄደው ደግሞ አይፐምስ ወደሚባለው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የመረጃ አገልግሎት ነው። ሌላም ሰው ይጠቀምበት ዘንድ ያየሁትን ልጻፍ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ መንግሥት ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ ሰው እየመረጠ ስለ ጤናው ይጠይቃል። መጠይቁ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀያየራል። አይፐምስ ከ1963 ወዲህ ያሉትን ዓመታት አንድ ላይ አሰልፎ እንዲነጻጸሩ አድርጎ ያቀርባል። ዋጋው ነጻ ነው። ትመዘገባላችሁ፣ የምትፈልጉትን ዓመትና ጥያቄ መርጣችሁ ቅርጫት ውስጥ ትከታላችሁ፣ ፋይሉ ሲዘጋጅ በኢሜይል ይነገራችኋል።

በጣም የምወደው፣ ከእያንዳንዱ ዓምድ ጀርባ ሰው የተጠየቀው ቃል በቃል መቀመጡን ነው። ከ1997 እስከ 2018 ባለው መጠይቅ ላይ አንዱ እንዲህ ይላል፦ ያለ ሰው እርዳታና ያለ ልዩ መሣሪያ ሩብ ማይል፣ ማለትም ሦስት ብሎክ ያህል መሄድ ምን ያህል ይከብድዎታል? «ያለ ልዩ መሣሪያ» የምትለዋን ልብ በሉ። ብሬሴን፣ ማለትም እግሬን የሚደግፈውን መሣሪያ ካሰርኩ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ማንም ሳይደግፈኝ እሄዳለሁ። ሲወልቅ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ይዤ ነው። «መሄድ ትችያለሽ?» ብቻ ብትሉኝ «አዎ» ብዬ ከቁጥሩ እወጣለሁ። ይህቺ ቃል ግን አታስመልጠኝም። አሥር ደረጃ ሳያርፉ መውጣት፣ ሁለት ሰዓት ያህል መቆምም ተጠይቋል። ቅዳሴ ቆሞ ለማስቀደስ የታገለ የኛ ሰው ሁለት ሰዓት ምን እንደሆነ ያውቃል። ጠያቂው ስለ ሰውነት የሚያውቅ ሰው ነው።

ችግር የሚመጣው «የዚህ መንስኤው ምንድን ነው?» ሲባል ነው። በዚሁ መጠይቅ ላይ ፖሊዮ ለብቻው ዓምድ የለውም። ፖሊዮ፣ ሽባነት፣ ከወገብ በታች አለማዘዝ፣ አራቱንም እጅና እግር አለማዘዝ፣ ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። በመኪና አደጋ አከርካሪው የተጎዳው ጎልማሳና በልጅነቷ ልምሻ የያዛት እኔ አንድ ቁጥር ነን። መለያየት አይቻልም። ይህን ዓምድ ወስዶ «የፖሊዮ ተጎጂዎች ብዛት» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

ሌላም አለ። ፖሊዮ ከያዘን ከብዙ ዓመት በኋላ ብዙዎቻችን አዲስ ድካም ይመጣብናል፤ ደህና የነበረው እግርም ሸክሙን ሲሸከም ኖሮ ያረጃል። ያኔ ጠያቂ ሲመጣ ሰው «ጉልበቴን ነው»፣ «ወገቤን ነው» ይላል። ይሄ መልስ አርትራይተስና የወገብ ሕመም ውስጥ ይገባል። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ያሉት ደግሞ ከነጭራሹ አይጠየቁም።

በ1987 በዚሁ ዳሰሳ ፖሊዮ በስሙ ተጠይቆ ነበር። በሕይወት ያሉ 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ፖሊዮ እንደያዛቸው፣ ከነሱም 640 ሺህ ገደማው ሽባነት እንደደረሰባቸው ተገመተ። ቁጥሩ ዛሬም ይጠቀሳል። ነገር ግን ያኔ ከተቆጠሩት ብዙዎቹ አልፈዋል። እኛ ደግሞ ከዚያ በኋላ ከኢትዮጵያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከሕንድ በአውሮፕላን የመጣን ነን። ያ ቁጥር እኛን አያውቀንም።

መቁጠር ምን ያመጣል የሚለኝን ሰው ጋናን እነግረዋለሁ። ፖሊዮ ለድሃና ሞቃት አገር ያን ያህል ችግር አይደለም፣ ሕፃናቱ ቀድመው መከላከያ ያዳብራሉ ይባል ነበር። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች የጋና ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚያነክሱ ልጆችን ቆጠሩ። ለትምህርት ከደረሱ 1,000 ልጆች 7ቱ በፖሊዮ ምክንያት የሚያነክሱ ሆነው ተገኙ። በዓመት ሲሰላ ከ100,000 ሰው ቢያንስ 28 ማለት ነው። በ1977 የታተመው ይህ ውጤት ክትባት ከመምጣቱ በፊት አሜሪካን ካስጨነቋት ዓመታት ጋር የሚቀራረብ ነበር። «ችግር አይደለም» የተባለው በሽታ የልጆቹ እግር ላይ ነበር፤ ሄዶ ያየ ሰው ነው ያልነበረው።

ስለዚህ አገልግሎቱን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። የቀረችው አንድ የሳይቱ ጥፋት አይደለችም፤ መጠይቁ ላይ የጎደለች ናት። ሁለት አጭር ጥያቄ ይበቃል፦ ፖሊዮ ይዞዎት ያውቃል? ሽባነት አድርሶብዎት ነበር? ይህ እንዲመለስ በምችለው መንገድ ሁሉ እጠይቃለሁ፤ እናንተም ጠይቁ።

እስከዚያው ለምትጠቀሙ ተማሪዎች፦ የመንስኤውን ዓምድ ትታችሁ ከመሄድና ከመቆም ጥያቄዎች ጀምሩ፤ ዕድሜንና የትውልድ አካባቢን ጨምሩበት። ዌይት የሚባለውን፣ ማለትም አንዱ ተጠያቂ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር ሳታስገቡ ምንም አታስሉ። መጠይቁ በ2019 እንደ አዲስ ስለተዘጋጀ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ከመቀላቀላችሁ በፊት የጥያቄዎቹን ቃል ጎን ለጎን አንብቡ።