ሪሲቨር፣ ቦክስ ወይስ ስማርት ቲቪ? ጅማ ለምትኖሩ

ቲቪ ሊገዛ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ኢንች እንደሆነ ነው። ጅማ ላይ ግን ከኢንቹ በፊት ሁለት ነገር አስቡ፤ ዝናብ ሲጥልና መብራት ሲጠፋ ምን ልታዩ ነው?

ሪሲቨር አንዴ ከተገጠመ ነፃ ጣቢያዎችን ያለ ወርሃዊ ክፍያ ያሳያል። የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን የምታገኙበት ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ነው፣ ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ። አንዱ በፀሐይ መውጫ፣ ሌላው በመግቢያዋ በኩል ስለሆኑ ሁለቱንም በአንድ ቋሚ ዲሽ ማንሳት አይቻልም። ሁለት ዲሽና ሁለቱን ከሪሲቨሩ ጋር የሚያገናኝ ስዊች ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ዶፍ ሲወርድ ምስሉ ይቆራረጣል። ስለዚህ በዲሽ ስፋት አትቆጥቡ፤ ከ60 ሳንቲሜትሩ 90ው ይሻላል።

ሪሲቨርን የምወደው ግን ስለሚቀዳልኝ ነው። ሻጩ «ዩኤስቢ አለው» ስላላችሁ ብቻ እንዳትከፍሉ። ከፍላሽ ፊልም ማጫወትና የሚተላለፍ ፕሮግራም መቅዳት ለየቅል ናቸው። እዚያው ሱቅ ውስጥ አስቀድታችሁ መልሳችሁ እዩት። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ ጣቢያ በሰዓት 1.8 ጊጋ ያህል ይወስዳል፤ 32 ጊጋ ፍላሽ ለሳምንት ድራማ ይበቃል።

ሰዓት ሞልቶ መቅዳት ላይ እኔ ጉድ ሆኛለሁ። የምሽት 2 ሰዓት ዜና እንዲቀዳልኝ 02:00 ብዬ ሞላሁና ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው የዘፈን ክሊፕ ብቻ! ለካ ሪሲቨሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የቀዳልኝም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ። መሙላት የነበረብኝ 20:00 ነበር።

አንድሮይድ ቦክስ ከቲቪ ጋር የሚገጠም፣ በኢንተርኔት የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ኤችዲኤምአይ የሚባለው የገመድ መሰኪያ ያለውን የድሮ ቲቪ ስማርት ያደርገዋል። ዝናቡ ዲሹን ቢያስቸግረው ዩቲዩብ አለላችሁ። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» (በጣም ጥርት ያለ ምስል) ስለተጻፈ ግን አትደሰቱ። በክፍያ ፊልም የሚያሳየው ኔትፍሊክስ ያልፈቀደው ቦክስ ላይ የእሱን ፊልሞች በጥርት ያለ ምስል አታገኙም። ኔትፍሊክስ ለ1080ፒ (ከ4ኬ ዝቅ ላለው ጥራት) በሰከንድ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 15 ሜጋቢት ፍጥነት ይጠይቃል። ጥራት ባለው ምስል አንድ ሰዓት ማየት እስከ 3 ጊጋ ሊፈጅ ስለሚችል፣ በሞባይል ጥቅል እያያችሁ የወር ወጪን አታስቡት! ያልተገደበ የቤት ኢንተርኔት ከሌላችሁ ቦክሱ ይቆያችሁ።

ስማርት ቲቪ ለእጅ ይመቻል፤ አንድ ሪሞት፣ አንድ ገመድ። ችግሩ ስክሪኑ ደህና ሆኖ ሳለ መተግበሪያዎቹ ቀድመው ያረጃሉ። ውስጡ ዲቪቢ ኤስ 2 (የዲሽ ገመድ በቀጥታ የሚሰካበት የሳተላይት መቀበያ) ካለው ሪሲቨር ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የሚቀዳ ከሆነም ብዙ ጊዜ የቀዳው ፋይል የሚከፈተው እዚያው ቲቪ ላይ ብቻ ነው። ፍላሹን ለጎረቤት ላውስ ብትሉ አይሆንም።

መብራቱስ? ብዙ ትናንሽ ሪሲቨሮችና ራውተሮች በ12 ቮልት ይሠራሉ። በዚያው ቮልት የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ ከገዛችሁላቸው መብራት ቢሄድም ይቀጥላሉ። ቲቪው ጠፍቶም ቢሆን ሪሲቨሩ ይቀዳል። ከሁሉ ያስወደደኝ ይሄ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ተራ ቲቪ፣ የሚቀዳ ሪሲቨርና ባትሪ እገዛለሁ፤ ቦክሱን ኢንተርኔቱ ሲገባ እጨምራለሁ። ወጣቶች ብቻ ያሉበት፣ ዜናም ድራማም በዩቲዩብ የሚታይበት ቤት ከሆነ ግን ዲሹን ተዉት፤ ገንዘቡን ኢንተርኔቱ ላይ አውሉት። ልትገዙ ወደ ሂርማታ መርካቶ ስትወርዱ የራሳችሁን ፍላሽ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።