ለኪራይ የሚገዛ የመጀመሪያ ቤት በደብረ ብርሃን፦ ሙሉ ቤት፣ ባለ ብዙ ክፍል ግቢ ወይስ ሱቅ?

በሰሜን ሸዋ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለኪራይ በሚሆን ቤት ላይ ለማዋል ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርጠው ከሦስት ነገሮች አንዱን ነው፦ አንድ ቤተሰብ የሚከራየውን ሙሉ ቤት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ የተደረደሩ ነጠላ ክፍሎችን፣ ወይም መንገድ ዳር ያለ ሱቅ። ሦስቱም ገቢ ያስገኛሉ፤ ነገር ግን ተከራይ ሲታጣ የሚያደርሱት ጉዳትና የሚጠይቁት ክትትል እጅግ ይለያያል። ለጀማሪ የሚሻለው ሰነዱ የተሟላ ባለ ብዙ ክፍል ግቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ከሌሎቹ ጋር እያነጻጸርኩ አቀርባለሁ።

ንጽጽሩ ከዋጋ በፊት ከተከራዩ መጀመር አለበት። ብዙ ገዢዎች ዩኒቨርሲቲው ስላለ ተማሪ አይጠፋም ብለው ይገዛሉ፤ ሆኖም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪ በአብዛኛው የሚያድረው በግቢው ማደሪያ ውስጥ ነው። ቤት ፈላጊው ይልቁንም በ2011 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በቢራ ፋብሪካዎቹና በብርድ ልብስ ፋብሪካው ሥራ ያገኘ ወጣት፣ ተመድቦ የመጣ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ፣ እንዲሁም አዲስ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። የእነዚህ ሰዎች አቅም የሚፈቅደው አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው፤ ሙሉ ቤት መከራየት የሚችለው ቤተሰብ ቁጥሩ ከእነርሱ ያነሰ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ለምሳሌ ያህል ሙሉ ቤቱ በወር 18,000 ብር ይከራያል፣ ግቢው ደግሞ እያንዳንዳቸው 3,000 ብር የሚከራዩ ስድስት ክፍሎች አሉት እንበል። በወረቀት ላይ የሁለቱም የዓመት ገቢ 216,000 ብር ነው። ሙሉ ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቢቆይ ባለቤቱ 36,000 ብር፣ ማለትም የዓመቱን ገቢ አንድ ስድስተኛ ያጣል፤ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ለዚያው ያህል ጊዜ ባዶ ቢሆን ግን የሚጎድለው 6,000 ብር ብቻ ነው። ከባንክ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ለገዛና በየወሩ የሚከፍለው ዕዳ ላለበት ሰው ይህ ልዩነት ቤቱን ይዞ በመቆየትና ለመሸጥ በመገደድ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

የግቢው ድካም ግን መሸፈን የለበትም። ስድስት ተከራይ ማለት የጋራ መጸዳጃ ቤት፣ የጋራ የውኃ መስመርና በአንድ የመብራት ቆጣሪ ምክንያት በየወሩ የሚነሳ ክርክር ማለት ነው። ስለዚህ ከግዢው በፊት የመጸዳጃ ጉድጓዱን ሁኔታ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ መኖሩንና ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት መቻሉን ማየት ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት፤ ኮርኒስ የሌለውና በሩ በደንብ የማይገጥም ክፍል በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ተከራይ አይበረክትለትም። ቤቱን በክረምት፣ ዝናብ ሲጥል ሄዶ ማየት ደግሞ በጋ ላይ ቀለም የሸፈነውን የጣሪያ ፍሳሽና የግድግዳ እርጥበት ያጋልጣል።

ሙሉ ቤት የሚመረጠው ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሲኖርና በቅርብ የሚከታተልለት ሰው ሲያጣ ነው። ቤተሰብ ልጆቹን ትምህርት ቤት ካስገባ በኋላ ቶሎ አይለቅም፤ ጥገናውም ያንሳል።

ሱቅ በደህና ጊዜ ከሁለቱም የተሻለ ኪራይ ሊያስገኝ ይችላል፤ ለጀማሪ የማልመክረው በሁለት ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው፣ የንግድ ቤት ገቢ ከአዲስ አበባ ደሴ መንገድ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው፤ የጸጥታ ችግር መንገዱን ሲያስተጓጉል ነጋዴው ሱቁን ሲዘጋ፣ ሠራተኛው ግን ማደሪያ ማስፈለጉ አይቀርም። ሁለተኛው፣ መንገድ ዳር ያለ ይዞታ በመንገድ ማስፋትና በከተማ ፕላን ለውጥ ቀድሞ የሚነካ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ይዞታው በፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ከማዘጋጃ ቤት ማረጋገጥ ይገባዋል። ራሱ ነግዶ ሱቁን የሚጠቀምበት ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ሰነዱ ነው፤ ባለ ብዙ ክፍል ግቢም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ካርታው ላይ የሰፈረው ዋናው ቤት ብቻ ሆኖ በጓሮ የተደረደሩት ክፍሎች ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠሩ መሆናቸው የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ገንዘቡን የሚከፍለው ለስድስት ክፍል፣ ሕጋዊ መብት የሚያገኘው ግን ለአንድ ቤት ነው። በከተማው ዳርቻ በዝቅተኛ ዋጋ የሚቀርበው የጨረቃ ቤት ከዚህም የከፋ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ ከገበሬ በመንደር ውል የተገዛ ቦታ በፍርድ ቤት የሚያስከብር መብት አያስገኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ስለሆነም ካርታው ከማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ጋር መመሳከሩን፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን፣ የሻጭ የትዳር ጓደኛ መስማማታቸውን፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ መፈረማቸውን፣ ይዞታው የሊዝ ከሆነም ያልተከፈለው ቀሪ የሊዝ ዕዳ ስንት እንደሆነ ሳያረጋግጡ ቀብድ መስጠት አይገባም። ደላላው ሌላ ገዢ እየመጣ ነው ብሎ ቢያጣድፍ እንኳ ማጣራቱ መቅረት የለበትም።

ከመኖሪያ ቤት ኪራይ ጋር የተያያዘው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት በጽሑፍ እንዲደረግና እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚፈጸመው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ በደብረ ብርሃን ያለበትን ደረጃ ከሚመለከተው የከተማ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው። ኪራይን በየጊዜው በመጨመር ዕዳዬን እከፍላለሁ ብሎ ማስላት ግን አዋጁ የሚዘጋው መንገድ ነው።

በዚያው ገንዘብ ሸዋ ሮቢት ላይ ለመግዛት ለሚያመነታ ሰው፣ እዚያ የሚጠበቀው ተከራይ ከሽንኩርትና ከማሾ ንግድ ጋር የተያያዘ ነጋዴ፣ ሹፌርና የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቆላ በመሆኑ መታየት ያለበት የጣሪያው ከፍታ፣ አየር የሚያስገባ መስኮትና የውኃ አቅርቦት ነው። የኪራዩ ፍላጎት ከምርት ወቅት ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚል ለባዶ ወራት የሚያዘው መጠባበቂያ ከደብረ ብርሃኑ ሰፋ ማለት አለበት።

የትኛውም ቢመረጥ የኪራይ ገቢ ግብር አለበት፤ የገቢ ግብር አዋጁም በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የድሮ መጣኔ ይዞ ማስላት ያሳስታል። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ የጥገና ወጪውን ማስቀነስ ስለሚችል፣ ለቆርቆሮ፣ ለቀለምና ለቧንቧ የተከፈለበትን ደረሰኝ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ ይኖርበታል።