ቴሌስኮፕ በእጃችሁ ልትሰሩ ነው? ስዕሉን በየትኛው ፕሮግራም? ፍሪካድ፣ ፊውዥን፣ ስኬችአፕ፣ ኢንክስኬፕ

እኔ የስዕል ፕሮግራም የምመርጠው በአንድ ጥያቄ ነው። የመስታወቱን ፎካል ሌንግዝ (ከመስታወቱ የነጠረው ብርሃን አንድ ቦታ እስኪሰበሰብ ያለውን ርቀት) ስቀይር ስዕሉ ራሱ ይስተካከላል ወይስ እያንዳንዷን መስመር እኔ ልጎትት ነው? ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለምን በሉኝ። በእጅ የተሞረደ መስታወት ያሰባችሁት ቁጥር ላይ አይቆምም። 150 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መስታወት ፎካሉ 1200 እንዲሆን መሃሉ 1.17 ሚሊሜትር መጎድጎድ አለበት፣ 1.20 ከሆነ ግን ፎካሉ 1170 ይሆናል፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት ሲሶ በማትሞላ ልዩነት 30 ሚሊሜትር ሄደ ማለት ነው። የኔም መስታወት 1170 ነው የወጣው። ስዕሉን በ1200 ጨርሼው ስለነበር መስመሮቹን አንድ በአንድ በእጄ አስተካከልኩ፣ የፎከሰሩን (የምናይበትን ሌንስ ይዞ የሚገባ የሚወጣውን አጭር ቱቦ) ቀዳዳ ግን ረሳሁት፣ እና 200 ሚሊሜትሩ ፒቪሲ ቱቦ ላይ በድሮው ቦታ በሳሁት። ማታ አውጥቼ ጨረቃ ላይ ሳዞረው ፎከሰሩን እስከ መጨረሻው ባስገባውም ብዥ እንዳለች ቀረች። መስታወቱን 30 ሚሊሜትር ወደ ላይ ለማምጣት የብሎኖቹን ቀዳዳ እንደገና መብሳት ነበረብኝ፣ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች እስከ ዛሬ ቱቦው ላይ አሉ።

ለዚህ ነው ፍሪካድን የማስቀድመው። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሰራል፣ አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት ቢጠፋም ስራችሁ አይቆምም፣ ይሄ እኛ ጋ ትልቅ ነገር ነው። ውስጡ ስፕሬድሺት አለው፣ አንዱን ሳጥን ፎካል ብላችሁ 1200 ትጽፋላችሁ፣ ከሱ ላይ የቱቦውን ግማሽ 100፣ የፎከሰሩን ቁመት 60 እና ለማስተካከያ 10 ቀንሱ ትሉታላችሁ፣ ብርሃኑን ወደ ጎን ወደ ፎከሰሩ የምትመልሰው ትንሿ ዲያጎናል መስታወት ከትልቁ 1030 ላይ ትቀመጣለች። 1200ውን 1170 ስታደርጉት ዲያጎናሉም ቀዳዳውም አብረው ወደ 1000 ይመጣሉ። በቃ፣ የኔ ችግር በሙሉ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ኦፕቲክስ ወርክቤንች የሚባል ተጨማሪም አለው፣ ከአድኦን ማናጀሩ ታወርዱና ጨረሩ ከመስታወት መስታወት እየነጠረ የት እንደሚያርፍ ያሳያችኋል። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ከባድ ነው፣ ሜኑው ብዙ ነው፣ ትዕግስት ይጠይቃል። የምታወርዱት ከ1.0 ወዲህ ያለውን ይሁን (በ2024 መጨረሻ ነው የወጣው)፣ ምክንያቱም በድሮዎቹ ላይ ቁጥር ስትቀይሩ ቀዳዳው ወደ ሌላ ጎን የሚዘልበት ጊዜ ነበር፣ አሁን በጣም ተሻሽሏል።

ፊውዥን ይሄንኑ የቁጥር ነገር ይሰራል፣ እንደውም አቀራረቡ ከፍሪካድ ይቀላል፣ ለጀማሪ ደስ ይላል። ለግል ጥቅም ነፃ ነው ግን በአንድ ጊዜ ልታርሙት የምትችሉት 10 ፋይል ብቻ ነው፣ ለአንድ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ስራው ያለው ክላውድ ላይ ስለሆነ ኔትወርካችሁ ደካማ ከሆነ ያማርራችኋል፣ ሊኑክስ ላይም የለም። ወደ ሚከፈልበት ልለፍ ካላችሁ ደግሞ በዶላር ካርድ ነው፣ አገር ቤት ላለ ሰው እሱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው፣ ውጪ ላላችሁ ችግር የለውም።

ስኬችአፕ ከሁሉም ቶሎ ይለመዳል። የዶብሶኒያኑን (ቴሌስኮፑ ተቀምጦ የሚዞርበትን የእንጨት መቆሚያ) ሳጥን፣ የኮምፔርሳቶውን አቆራረጥ አናጢው ጋ ሄዳችሁ ለማሳየት አሪፍ ነው። ነፃው በብራውዘር ብቻ ነው የሚሰራው፣ እና ሌዘር መቁረጫ የሚቀበለውን ዲኤክስኤፍ ፋይል አያወጣላችሁም፣ ስለዚህ ሌዘር ቤት የምታስቆርጡ ከሆነ እዛው ላይ ትቆማላችሁ። የኦፕቲክሱን ልኬት ግን በሱ አልሰራም።

አውቶካድ ከትምህርት ቤት የምታውቁ ከሆነ አዲስ ነገር መማር አያስፈልጋችሁም፣ መስመሮቹን ከቁጥር ጋር የሚያስረውን ፓራሜትሪክ የሚለውን ታብ ብቻ መጠቀም ልመዱ።

ኢንክስኬፕን ከነዚህ ጋር ማወዳደሩ ራሱ ልክ አይደለም፣ እኔ ግን ሁሌም ከጎን አለኝ። እሱ ለቴምፕሌት ነው፦ የመስታወቱን መሃል ነጥብ ለማግኘት የሚቀመጠው ክብ ወረቀት፣ ቱቦው ላይ የሚለጠፈው የቀዳዳ ምልክት፣ ለመስታወት መፈተሻ የሚቆረጠው ማስክ። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ 4 ጂቢ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል።

ስለዚህ ላፕቶፕ ካላችሁና አንድ ሳምንት መታገል ከቻላችሁ ፍሪካድ ከኢንክስኬፕ ጋር፣ ኔትወርካችሁ ጥሩ ሆኖ ቶሎ መጀመር ከፈለጋችሁ ፊውዥን። እና የትኛውንም ብትመርጡ ፕሪንት ከማድረጋችሁ በፊት ከስዕሉ ጎን ልክ 100 ሚሊሜትር የሆነች መስመር ጨምሩ። ፕሪንት ቤት ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ እንዲገባ ብለው ያሳንሱታል፣ 100 ፐርሰንት ይሁን በሏቸው፣ ሲወጣ እዛው ቆማችሁ በማስመሪያ ለኩት፣ 97 ካለ አትቀበሉ።