ለሞዴል አውሮፕላን የቱን ፍላይት ኮንትሮለር? ኤፍ411፣ ኤፍ405 ወይስ ኤች743

ፍላይት ኮንትሮለር፣ ማለትም አውሮፕላኑን አየር ላይ የሚያረጋጋና የሚመራ ቦርድ፣ ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ግን ብጣሽ ወረቀት አውጥቼ የምሰካቸውን ነገሮች እጽፋለሁ፤ ሪሲቨር (የሪሞቱን ትዕዛዝ የሚቀበለው)፣ ጂፒኤስ፣ ቴሌሜትሪ (የበረራውን መረጃ ወደ ምድር የሚልከው)፣ የቪዲዮ ማስተላለፊያ። አብዛኞቹ የየራሳቸውን ዩአርት ይፈልጋሉ። ዩአርት ዕቃው ከቦርዱ ጋር መረጃ የሚለዋወጥበት ወደብ ነው። ዝርዝሩ ሦስት አራት ከደረሰ ከቦርዶቹ ግማሹ በራሱ ጊዜ ይወጣል።

ከዓይናችሁ ሳታርቁ የምታበሩ ከሆነና ጭንቀታችሁ ንፋስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቦርዱን ተዉት። ጋይሮ፣ ማለትም የአውሮፕላኑን መዞርና ማዘንበል የሚለካ ሴንሰር፣ ያለው ሪሲቨር ይበቃችኋል። ሲግናል ሲጠፋ ወደ ተነሳበት ይመለስልኝ ካላችሁ ግን ጂፒኤስ መጣ፤ ከጂፒኤሱ ጋር ቦርዱም መጣ።

ሦስቱ ስሞች ቦርዶቹ ላይ ያሉት የፕሮሰሰር ቺፖች ናቸው፤ ኤፍ411 ትንሹ ነው። 100 ሜጋኸርዝ፣ 512 ኪሎባይት ሚሞሪ። የሚወደደው ቀላልና ጠባብ ቦታ የሚገባ ስለሆነ ነው። ቦርዱ ላይ ከሚጫኑት ሁለት የበረራ ሶፍትዌሮች አንዱ፣ አርዱፓይለት፣ አይጫንበትም። ሌላው፣ አይናቭ፣ የሚጫንበት እስከ ስሪት 7 ብቻ ነው፤ እዚያም ሚሞሪው ስለማይበቃ አንዳንድ ነገሮች ይቀሩበታል። ማቴክ የሚባለው አምራች ኤፍ411-ደብልዩኤስኢ ቦርድ ያሉት ሙሉ ዩአርቶች ሁለት ናቸው። አንዱን ሪሲቨሩ፣ ሌላውን ጂፒኤሱ ይይዘዋል፤ አለቀ። አውሮፕላኑ ሌላ ቦርድ የማይገባበት ሚጢጢ ካልሆነ በቀር ዛሬ አልገዛውም።

ለብዙ ሰው የምመክረው ኤፍ405 ነው። 168 ሜጋኸርዝና 1 ሜጋባይት አለው። ከአርዱፓይለት አንዳንድ ነገር ቢቀነስም ሁለቱንም ሶፍትዌሮች ይጭናል። የማቴክ ኤፍ405-ዊንግና የስፒዲቢ ኤፍ405 ዊንግ ዋነኞቹ ናቸው። ስፒዲቢው በስልክ አፕ ያለ ኬብል ይስተካከላል። ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ የላፕቶፑን ስክሪን ስታጠፋው፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ የሚሸውድ ነገር ግን አለ። ሪሲቨራችሁ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገረው ኤስባስ በሚባለው የሲግናል ዓይነት ከሆነ ሲግናሉ የተገለበጠ ነው፤ የኤፍ405 ቺፕ ራሱ መልሶ ሊገለብጠው አይችልም። ስለዚህ አምራቹ ለኤስባስ ብሎ ባዘጋጀው ቦታ ላይ ነው የምትበይዱት። ሌላ ዩአርት ላይ በይዳችሁ ሪሲቨሩ ሞተ ብላችሁ እንዳትጥሉት።

“ዊንግ” የሚለው ስምም ለጌጥ አይደለም። እነዚህ ቦርዶች ለሰርቮዎች፣ ማለትም የክንፍና የጅራት ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን ለሚያዞሩት ትንንሽ ሞተሮች፣ የተለየ ኃይል አላቸው። አንዳንዶቹ የማቴክ ቦርዶች ላይ 5፣ 6 ወይም 7.2 ቮልት ትመርጣላችሁ። የድሮን ቦርድ ግን ብዙውን ጊዜ ይሄ የለውም። ሰርቮዎቹን ከቦርዱ 5 ቮልት ላይ ካያያዛችኋቸው፣ አንዱ ሰርቮ ተጣብቆ ሲታገል ኃይሉን ይስበዋል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቦርዱ አየር ላይ እንደ አዲስ ይነሳል። የድሮን ቦርድ ለአውሮፕላን ረከሰ ተብሎ የሚገዛ ነገር አይደለም። 7.2ን ከመምረጣችሁ በፊት ደግሞ ሰርቮው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ትንንሾቹ ብዙዎቹ አይችሉትም።

ኤች743 እስከ 480 ሜጋኸርዝና 2 ሜጋባይት ይዞ ይመጣል። የማቴክ ኤች743-ዊንግ ጋይሮው ሁለት ነው፤ ዩአርቱም አያልቅም፤ ኤስባስንም ቺፑ ራሱ ይገለብጠዋል። አርዱፓይለትን ሳይቆራረጥ ለሚፈልግ፣ የአየር ፍጥነት ሴንሰር ሰክቶ ረጅም መስመር ለሚያበር ሰው ይሄ ነው። ለአንዲት ፎም አውሮፕላን ግን አብዛኛው ነገሩ ተኝቶ ነው የሚበረው።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ ለጀማሪ አይናቭ ይቀላል። አርዱፓይለት ከአንድ ሺህ በላይ ማስተካከያ አለው፤ ደግነቱ አብዛኛው ሳይነካ ይሠራል። ለሁለቱም ኮምፓስ የግድ አይደለም። አውሮፕላን ሁልጊዜ ወደፊት ስለሚሄድ አቅጣጫውን ከጂፒኤስ ማወቅ ይቻላል።

እኔ የመጀመሪያውን ኤች743 ገዝቼ፣ ውዱ ነው ብዬ ተማምኜ፣ በእጄ ወረወርኩት። ሦስት ሰከንድ አልቆየም። በሪሞቱ ስቲክ ሳንቀሳቅሰው ሁሉም ልክ ነበር። ቦርዱ ራሱ ሲያርም ግን ምን እንደሚያደርግ አላየሁም ነበር። ቤት ገብቼ የተረፈውን አንስቼ፣ ስታቢላይዝ ላይ (ቦርዱ ራሱ አውሮፕላኑን ቀጥ የሚያደርግበት ሁነታ) አድርጌ ቀኝ ክንፉን ወደ ታች አዘነበልኩት። የቀኙ አይለሮን (ክንፉ ጫፍ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ታች ወርዶ ክንፉን ማንሳት ነበረበት። ወደ ላይ ወጣ።